ድሪል ከመግዛታችሁ በፊት ባትሪውን እዩ

የመጀመሪያውን ባለ ባትሪ ድሪል ልትገዙ ነው? ከድሪሉ ይልቅ ባትሪው ላይ አስቡበት። የአንዱ ብራንድ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ላይ አይገጥምም። ነገ መጋዝ ወይም ማለስለሻ ስትጨምሩ ያለ ባትሪና ያለ ቻርጀር ማሽኑን ብቻ በርካሽ መግዛት የምትችሉት በዚያው ብራንድ ከቀጠላችሁ ነው።

ባትሪው ላይ ያለው "20 ቮልት ማክስ" የሚለው ጽሑፍ አያታልላችሁ፤ "18 ቮልት" ከተባለው ባትሪ አይበልጥም። ሁለቱም በተከታታይ የተያያዙ 5 የሊቲየም ሴሎች (ትንንሽ ባትሪዎች) ናቸው፤ አንዱ ሴል ሥራ ላይ በአማካይ 3.6 (አምስቱ 18)፣ ገና ቻርጅ እንደተደረገ ደግሞ ወደ 4 ቮልት (አምስቱ 20) ይሰጣል። እናንተ አምፒር ሰዓቱን (Ah፣ ባትሪው ምን ያህል ቻርጅ እንደሚይዝ) እዩ፦ ብሎን ለማሰር 2 ይበቃል (ቀላል ስለሆነ ክንድም አያደክምም)፣ ለክብ መጋዝ ግን ከ4 አትውረዱ። ከአንድ ቦታ ለማይነቃነቅ ማሽን ባለ ገመዱን ውሰዱ፤ ዋጋውም ይቀንሳል።