የፕላይውድ ካምፒንግ ተሳቢ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

ቤት ውስጥ የተሠራ የፕላይውድ ተሳቢ መበስበስ የሚጀምረው ከሰፊው ግድግዳ መሃል አይደለም። ከጠርዙና ከቀዳዳው ነው። ሠሪው ግን ቀለሙንም ድካሙንም የሚያፈሰው ዓይን በሚያየው ሰፊ ገጽ ላይ ነው። ከታች ካሉት ችግሮች የመበስበሶቹ ከዚህ ይመነጫሉ።

ጠርዙ አብጧል፣ ንጣፎቹ ተላቀዋል

በሩ ሥር ወይም ወለሉ ዳር ላይ ቀለሙ ይነፋል። በጥፍር ጫን ስትሉት ይሰረጉዳል። ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ጠርዙ ሳይደፈን ቀርቷል፣ ወይ ፕላይውዱ ራሱ ለቤት ውስጥ ሥራ በሚሆን ኮላ የተጣበቀ ነው።

የተቆረጠ ጠርዝ ላይ የእንጨቱ ጭረቶች አፋቸው ክፍት ነው፤ እንደ ኩራዝ ክር ውኃውን ወደ ውስጥ ይስቡታል። ስለዚህ ላዩ በሦስት እጅ ቀለም ቢሸፈን እንኳ ጠርዙ ክፍት ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ኮላውን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ሙሉ ጣውላዎቹን ከመግዛታችሁ በፊት ትንሽ ቁራጭ ለጥቂት ሰዓታት ቀቅሉና አድርቁ። ከተላቀቀ ለውጭ ሥራ አይሆንም። ባይላቀቅም ጠርዙን እዩት፤ በንጣፎቹ መካከል ባዶ ቦታ ካለ ውኃ እዚያ ይተኛል።

ጉዳቱ ከደረሰ መጀመሪያ በደንብ ይድረቅ። እርጥብ እንጨት ላይ የሚፈስ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) ውኃውን ውስጥ ይዘጋበታል። ከደረቀ በኋላ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጉት። ጠንካራ ከሆነ ቀጭን ኢፖክሲ ስንጥቁ ውስጥ አስገቡና በሞርሳ እሰሩት፤ እንዳይጣበቅ መሃል ላይ ፕላስቲክ ይግባ። ከለሰለሰ ግን መጠገኑን እርሱት። ጤነኛ እንጨት እስክታገኙ ቁረጡና አዲስ ቁራጭ ቀጥሉበት። መጋጠሚያው በሰያፍ ይታረድ፤ ርዝመቱም የውፍረቱ 8 እጥፍ ይሁን። ለ9 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ 72 ሚሊ ሜትር ማለት ነው።

አዲስ ሥራ ላይ ከሆናችሁ ጠርዙን ከመግጠማችሁ በፊት ድፈኑት። አንዴ ከተገጠመ ብሩሽ የማይደርስበት ቦታ ይበዛል። የመጀመሪያውን ኢፖክሲ እንጨቱ ጠጥቶ ይጨርሰዋል፤ ላዩ ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል። ገና ሲያጣብቅ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን ድገሙ። ጠርዙ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሲያብለጨልጭ ጠገበ ማለት ነው። ለመድገም ዘግይታችሁ ከደረቀ በመጀመሪያ በውኃና በስፖንጅ እጠቡት፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት። አንዳንዱ ኢፖክሲ ቅባትነት ያለው ሽፋን ይተዋል፣ ቀለምም አይዝበትም። በመጨረሻ ቀለም ይቀባ፤ ፀሐይ ኢፖክሲን ታበላሻለች። እባካችሁ ጓንት አድርጉ። የኢፖክሲ አለርጂ አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም።

በቪቴው ዙሪያ ጥቁር ክብ ታየ

ውኃ በቪቴው ጥርስ ተከትሎ ገብቷል። ላዩን ስቱኮ ማድረግ ችግሩን መደበቅ ብቻ ነው። ቪቴውን ንቀሉ፣ አድርቁ፣ ቀዳዳውን አስፉት። ለ4 ሚሊ ሜትር ቪቴ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበቃል። በወፍራም ኢፖክሲ ሙሉት፤ ሲደርቅ መሃሉን በቀጭን መብሻ ብሱና አይዝጌ ቪቴ እሰሩበት። ቪቴው ከዚያ ወዲያ ኢፖክሲውን እንጂ እንጨቱን አይነካም። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ተሳቢውን ዕድሜ የሚሰጠው ግን ይኸው ነው።

ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ያንጠባጥባል

ጠብታው የሚወርድበት ቦታ ውኃው የገባበት ላይሆን ይችላል። አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይግባ፣ ሌላው ውጭ በጎማ ውኃ ያፍስስ። ከታች ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ውጡ፤ እያንዳንዱ ከፍታ ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። ከላይ ከጀመራችሁ ሁሉም ነገር ስለሚርስ ምንም አትለዩም።

በጣም የማዝነው በሲሊኮን ላይ ሲሊኮን ሲደረብ ሳይ ነው። ሲሊኮን በኋላ ቀለምም ሌላ ማሸጊያም አይዝበትም። አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ፍቃችሁ አንሱ። ለመጋጠሚያዎች ቀለም የሚቀበል የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ፣ ለመስኮት ፍሬም ደግሞ ቡታይል ቴፕ (ጎማ መሰል ተጣባቂ ጥቅል) ተጠቀሙ። ቡታይል ሁልጊዜ ለስላሳ ስለሆነ ተሳቢው ሲንቀጠቀጥ አብሮ ይለጠጣል። ጣሪያው ዝርግ ከሆነና ውኃ ከተኛበት ግን ማሸጊያ ብቻውን አይበቃም፤ ተዳፋት ሊኖረው ይገባል።

ጠዋት ግድግዳው ያልባል፣ ፍራሹ ሥር ሻጋታ አለ

ብዙ ሰው ይህን ፍሳሽ ነው ብሎ ማሸጊያ ይገዛል። የተኛው ሰው ትንፋሽ ነው። ለመለየት ማንም ሳይተኛበት ዝናብ ያሳድርበት፤ ውስጡ ደረቅ ከሆነ የጎደለው አየር ነው። አንድ መተንፈሻ ከታች፣ አንድ ከላይ ክፈቱ፤ በብርድም አትዝጓቸው። ፍራሹንም ወለሉ ላይ አታንጥፉ፤ ሥሩ አየር እንዲያልፍ ክፍተት ባለው የእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ።

የበሩ ማዕዘን ተሰነጠቀ

ሹል ማዕዘን መንገድ ላይ ያለውን እጥፋት ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ያከማቻል። ማዕዘኑን ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ከውስጥም ቁራጭ ፕላይውድ ለጥፉበት። ስንጥቁ ከተመለሰ ጥፋቱ የሻንሲው ሊሆን ይችላል፤ ብየዳውን መርምሩ።

ፍጥነት ሲጨምር ጭራው ይወዛወዛል

ይህን ለነገ አታሳድሩ፤ መኪናውን ሊገለብጥ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ክብደቱ ከአክስሉ ወደ ኋላ በዝቷል። ተሳቢውን ዕቃውን ሁሉ ጭናችሁ አግድሙት፤ ከዚያ ማያያዣውን የመኪናው መጎተቻ ኳስ በሚሆንበት ከፍታ ልክ የሰው ሚዛን ላይ አሳርፉት። እዚያ የሚያርፈው ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ለ500 ኪሎ ተሳቢ ከ50 እስከ 75 ኪሎ ማለት ነው፤ መኪናው ከሚፈቅደው ግን አይለፍ። ከጎደለ የውኃ ጀሪካኑንና ከባዱን ዕቃ ወደ ፊት አምጡ። መንገድ ላይ ከጀመረ እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ፤ መሪውን አታማቱ፣ ፍሬንም በድንገት አትርገጡ።

የጎማው መሃል ይግላል

ስትቆሙ በእጅ ጀርባ ጠጋ አድርጋችሁ ሁለቱን ጎን አወዳድሩ። አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ኩሽኔታው ግራሶ አጥቷል ወይም ከልክ በላይ ታስሯል። ሳታዩት አትቀጥሉ።

መብራቱ ይደበዝዛል፣ ፍሬቻ ሲበራ ሌላው አብሮ ይርገበገባል

አምፖል ከመቀየራችሁ በፊት ኔጋቲቩን ፈትሹ። በመጎተቻው ብረት ብቻ የሚመለስ ኔጋቲቭ በዝገትና በግራሶ ይቆራረጣል። ከመኪናው ሶኬት እስከ እያንዳንዱ መብራት የራሱ የኔጋቲቭ ሽቦ ዘርጉ፤ ሻንሲው ላይ የሚታሰርበትንም ቦታ ቀለሙን ፍቃችሁ እሰሩ።