የድሮ የአሜሪካ የግል ባንክ ኖት እጅዎ ሲገባ

ከ1860ዎቹ በፊት በአሜሪካ የወረቀት ገንዘብ ያወጡ የነበሩት በአብዛኛው ከየክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ያገኙ የግል ባንኮች ስለሆኑ፣ እንዲህ ያለ ኖት ሲያገኙ ከዶላሩ መጠን ይልቅ የባንኩን ስም፣ ከተማውንና ቀኑን አስቀድመው ይመልከቱ። እውነተኛው ኖት በስስ ወረቀት የታተመ ሲሆን፣ ተራ ቁጥሩ እንዲሁም የባንኩ ፕሬዚዳንትና የገንዘብ ያዡ ፊርማ አብዛኛውን ጊዜ በብዕር የተጻፉ ናቸው፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይም ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ሰርጎ፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ቡናማ ተለውጦ ይገኛል። ወረቀቱ ሆን ተብሎ ቢጫ የተደረገ፣ የተጨማደደና ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ለመታሰቢያ የተባዛ ቅጂ መሆኑን ይጠርጥሩ፤ በተለይ የዩናይትድ ስቴትስ ባንክ የ1,000 ዶላር ኖት ሆኖ ቁጥሩ 8894 ከሆነ ቅጂ ለመሆኑ አያጠራጥርም።

ፊርማ የሌለው ሁሉ ግን ሐሰተኛ አይደለም፤ ታትሞ ሥራ ላይ ሳይውል የቀረ ሊሆን ይችላል። ዋጋውን ለመገመት ሻጮች የሚጠሩትን ሳይሆን፣ ተመሳሳይ ኖት በጨረታ በእርግጥ የተሸጠበትን ያነጻጽሩ። አደራ የምለው፣ ኖቱን አይጠቡት፣ አይተኩሱት፣ የተቀደደውንም በፕላስተር አይለጥፉት፤ ሰብሳቢዎች እንዲህ የተነካካን ኖት ዋጋ ወዲያው ይቀንሱበታል።