ግማሹን ወደን ግማሹን ስላልወደድነው የመናፍስት ልቦለድ ዳሰሳ እንዴት እንጻፍ?

«ጥሩ ነው፣ ግን ይንዛዛል» የሚል አስተያየት ለማንም አይጠቅምም። መጽሐፉን ልግዛው ወይስ ልተወው የሚል ሰው ማወቅ የሚፈልገው የት ድረስ ጥሩ እንደሆነ፣ ከየት ጀምሮ እንደሚንዛዛና ለምን እንደሚንዛዛ ነው። በትንሽ ከተማ የሚካሄድ የመናፍስት ልቦለድ አንባቢውን ለሁለት የሚከፍልበት ቦታ አለው። የዳሰሳው ዋና ሥራ ያንን ቦታ ፈልጎ ማግኘት ነው።

ለምሳሌ የፒተር ስትራውብን «ጎስት ስቶሪ» እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ታሪኩ ሚልበርን በምትባል፣ ደራሲው በኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ በፈጠራት ከተማ ይካሄዳል። አረጋውያን ጓደኛሞች እየተሰበሰቡ በየተራ አስፈሪ ታሪክ ያወራሉ። አንዱ ጓደኛቸው ከሞተ ዓመት ሆኖታል፤ የቀሩትን ቅዠት ያሠቃያቸዋል፤ በመጨረሻም በረዶው መንገዱን ዘግቶ ከተማዋን ለብቻዋ ያስቀራታል። በተከፈለ ልብ የሚነበብ መጽሐፍ ስለሆነ ለልምምድ ይመቻል።

እያነበባችሁ ሳለ

እርሳስና አንድ ወረቀት ይበቃል። ስትፈሩ «ፈ»፣ ስትሰለቹ «ሰ»፣ ያልገባችሁ ነገር ሲኖር «ጥ» ብላችሁ ከገጹ ቁጥር ጋር ጻፉ፤ አጠገቡም ምክንያቱን በአራት አምስት ቃል። በስልክ የምታነቡ ከሆነ የፊደሉ መጠን ሲቀየር ገጹም ሊቀየር ስለሚችል የምዕራፉን ስም መዝግቡ። ምልክቱ በዚያው ቅጽበት መደረግ አለበት። መጨረሻው ያናደደው አንባቢ መጀመሪያውንም እንዳልወደደው አድርጎ ያስታውሳልና፣ ከሳምንት በኋላ በትዝታ የሚጻፍ ዳሰሳ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መጨረሻዎቹ ሠላሳ ገጾች ብቻ ይሆናል።

ጨርሳችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩትና ምልክቶቹን በተርታ ተመልከቱ። «ፈ» መጀመሪያ ላይ፣ «ሰ» መጨረሻ ላይ ከተከማቹ ልባችሁ የተከፈለበትን ቦታ አገኛችሁት ማለት ነው። «ሰ» ከዳር እስከ ዳር እኩል ከተበተነ ግን ሰበቡ ሴራው ላይሆን ይችላል፦ የደራሲው አጻጻፍ፣ ድካም ወይም የንባቡ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝኛ አንብባችሁ ደጋግማችሁ መዝገበ ቃላት ያወጣችሁባቸውን ሁለት ሦስት ገጾች በሌላ ቀን መልሳችሁ አንብቡ። ሁለተኛው ንባብ ከፈጠነ ጥፋቱን በደራሲው ላይ አትጫኑ። ትርጉም ከሆነ ደግሞ የተንዛዛው ደራሲው ይሁን ተርጓሚው ሳትለዩ አትፍረዱ።

ስሜቱ ለምን ተለወጠ?

በብዛት የሚገጥመው ሰበብ የምሥጢሩ መገለጥ ነው። የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪው ጽቬታን ቶዶሮቭ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናቱ እንዳስረዳው፣ የዚህ ዓይነቱ ታሪክ ኃይል አንባቢው «ይህ እውነት መንፈስ ነው ወይስ ሌላ ማብራሪያ አለው?» እያለ በሚያመነታበት ጊዜ ውስጥ ነው ያለው። ደራሲው አንዱን ከመረጠ በኋላ ታሪኩ ወደ ሌላ ዘርፍ ይሻገራል። የሄንሪ ጄምስ «ዘ ተርን ኦቭ ዘ ስክሩ» (1898) ጥያቄውን ክፍት አድርጎ ስለሚያልቅ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሻን አንባቢ ያናድዳል። ስትራውብ በተቃራኒው ይሄዳል፦ መጀመሪያ ላይ ስም የሌለው ሥጋት ኋላ መልክና አንደበት ያገኛል፤ ልብ ሰቀላው ወደ አደን ይለወጣል። ይህ በራሱ ጉድለት አይደለም። እናንተ የፈለጋችሁት ፍርሃቱን ነበር ወይስ ፍልሚያውን? መልሱን በግልጽ ጻፉት፤ አንባቢያችሁ የራሱን ፍላጎት ከእናንተ ጋር ያነጻጽርበታል።

ቀጥሎ የመንፈሱን ሕግ መርምሩ። ምን ማድረግ ይችላል? ምን ይሳነዋል? ማንን ነው የሚፈልገው፣ ለምንስ አሁን? ሁሉን የሚችል ጠላት ባለታሪኮቹን ገጽ 50 ላይ ለምን አልጨረሳቸውም የሚል ጥያቄ ከመጣባችሁ፣ መጽሐፉ መልስ ሰጥቶ እንደሆነ «ጥ» ያላችሁባቸውን ገጾች እየገለጣችሁ ፈትሹ። እዚህ ላይ ለእኛ አገር አንባቢ አንድ ማሳሰቢያ፦ ስለ ዛርና ስለ ቡዳ ሰምተን ያደግነውን ደንብ ይዘን የሚልበርንን መንፈስ ብንዳኘው ፍርዳችን ይዛባል። መመዘን ያለበት መጽሐፉ ራሱ ባወጣው ሕግ ነው።

ከዚያ የከተማው ሕዝብ አለ። ትንሽ ከተማ ለደራሲ የሚሰጠው ሐሜቱን፣ የተዳፈነውን የድሮ ኃጢአትና መሸሻ የማጣት ስሜትን ነው፤ በምላሹ የስም ብዛት ይጠይቃል። መጽሐፉን ዘግታችሁ ገጸ ባሕርያቱን ሥራቸውን ሳትጠቅሱ በአንድ በአንድ መስመር ግለጹ። ግማሾቹን ካቃታችሁ ሞታቸው ለምን እንዳላሳዘናችሁ ታወቀ። ስትራውብ ትረካውን ሆን ብሎ በብዙ ነዋሪዎች ላይ ይበትናል። ከተማዋን ሙሉ የሚያደርጋትም፣ ፍጥነቱን የሚገድለውም ይኸው ነው፤ ለእኔ ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ያደላል። ከአረጋውያኑ ጓደኛሞች አንዱ የሆነው ሲርስ ጄምስ የሚያወራው የመምህርነት ዘመኑ ታሪክ ግን ብቻውን ተቆርጦ ቢነበብም ይቆማል።

ሲጻፍ

500 ቃል ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ 60 ወይም 70 ቃላት ለመቼቱና ለመነሻው ይሁኑ። ከመጽሐፉ አንድ አምስተኛ በኋላ የሚሆነውን በዝርዝር አትንገሩ፤ 500 ገጽ ካለው እስከ ገጽ 100 ያለው ነው የተፈቀደላችሁ። ከዚያ በጣም የወደዳችሁትን ክፍል በአንድ ትዕይንት አሳዩ። «ግን»ን ስሜታችሁ በተለወጠበት ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቀሙበት፤ በየዓረፍተ ነገሩ ከተደጋገመ አንባቢው የቱ እንደሚመዝን አያውቅም።

ምሥጢር ሳታወጡ ቅሬታ ለማቅረብ ማንነትን ትታችሁ ውጤቱን ተናገሩ። «ገዳዩ እገሌ መሆኑ አላሳመነኝም» ከማለት «ጠላት መናገር ሲጀምር ፍርሃቱ ቀነሰ» ይሻላል። የስትራውብ መቅድም ትንሽ ልጅ ጠልፎ በመኪና የሚጓዝ ሰው ያሳያል። ይህን መጥቀስ አያስቀጣም፤ ልጅቷ ማን እንደሆነች መናገር ግን መጽሐፉን መዝረፍ ነው።

ኮከብ መስጠት የግድ ከሆነ ተጠንቀቁ። አምስት የሚገባው መጀመሪያና አንድ የሚገባው መጨረሻ አማካያቸው ሦስት ነው፤ ከዳር እስከ ዳር መካከለኛ የሆነ መጽሐፍም ሦስት ያገኛል። ስለዚህ ሦስት ኮከብ የየትኛው ዓይነት እንደሆነ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግለጹ።

ከ«ጎስት ስቶሪ» የተሠራውን የ1981ዱን (እ.ኤ.አ.) ፊልም ያየ ሰው ፊልሙን ከመጽሐፉ ጋር እንዳያምታታ ማስታወሻዎቹን ይመልከት፤ ገጽ ያልተመዘገበለት ትዕይንት ዳሰሳው ውስጥ አይግባ። ከመለጠፋችሁ በፊት ደግሞ የባለታሪኮቹን ስም በፍለጋ አውጥታችሁ አጻጻፉን አንድ አድርጉት፤ «ሲርስ» አንድ ቦታ «ሲርስ»፣ ሌላ ቦታ «ሴርስ» ከተባለ አንባቢው ሁለት ሰው ይመስለዋል።