የቡድን ምክር መሪን ሰውን ከነአካባቢው እንዲያይ እንዴት እናሠልጥነው?

ድሬዳዋ ላይ የወጣቶችን የቡድን ምክር ከቀኑ ስምንት ሰዓት የሚቀጥር ሠልጣኝ አይጠፋም። ሰዓቱ የበርጫ ነው፣ ፀሐዩም ከቤት አያስወጣም። ሰው ሳይመጣ ሲቀር «ፍላጎት የላቸውም» ብሎ ይመዘግባል። ችግሩ ሰዓቱ ላይ እንደሆነ ማየት አልተማረም።

መጀመሪያ ሐሳቡን አስጨብጡት። የሥነ ልቦና ሊቁ ኩርት ሌዊን ባህርይ ከሰውየውም ከአካባቢውም ይመነጫል ይል ነበር። ሌላው የሥነ ልቦና ሊቅ ዩሪ ብሮንፈንብሬነር ደግሞ በ1979 እ.ኤ.አ. አካባቢን አንዱ ሌላውን በሚያቅፍ ክበብ አስቀመጠው። ንድፈ ሐሳብ አታብዙ፤ በአንድ ሰው ላይ አሳዩት። አንድ የባጃጅ ሹፌር እንውሰድ። ቅርቡ ያሉት ቤተሰቡ፣ ጓደኞቹና የባጃጁ ባለቤት ናቸው። እነዚህ ደግሞ ይነካካሉ፤ ለባጃጁ ባለቤት የሚያስገባው ሲጎድል ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ይነሳል። ታሪፍ የሚወሰነው እሱ በሌለበት ስብሰባ ነው። ከሁሉም በላይ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለው ልማድ አለ። ጊዜም ይቆጠራል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ሕፃን የነበረ ልጅ ዛሬ ወጣት ነው። ሰማይ ሲጠቁር እናቱ ለምን እንቅልፍ እንደማይወስዳት ቡድኑ ውስጥ ሊነሳ ይችላል።

ከዚያ እያንዳንዱ ሠልጣኝ የራሱን ክበቦች ወረቀት ላይ ይሣል። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ቀጥሎ ጠዋት በእግር አስወጧቸው። ከከዚራ ሰፈር ተነስተው ደቻቱን ተሻግረው መጋላ ሰፈር ይግቡ። የት ኦሮምኛ፣ የት ሶማሊኛ፣ የት አማርኛ እንደሚወራ ያዳምጡ። ሴቶች የት እንደሚሰባሰቡ፣ ማታ ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚገኝ ይጠይቁ። የቡድኑ ቦታና ሰዓት የሚወሰነው ይህ ከታወቀ በኋላ ነው።

አሁን ዋናው ልምምድ። ስምንት ሠልጣኞች ክብ ሠርተው ይቀመጡ፣ አንዱ ይምራ፣ ክቡ ውስጥ ያልገቡት ሠልጣኞች ከውጭ ይመልከቱ። አንዷ «ባሌ ሥራ ከፈታ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለም» ትበል። ጀማሪ መሪ «ምን ይሰማሻል?» ብሎ እዚያው ይቆማል። ጥያቄው ደግ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም። «ሲከብድሽ ማን ጋ ትሄጃለሽ?» ይጨምር። ያኔ ጎረቤቷ፣ እድሩ፣ እቁቡ ይመጣሉ። «ይህን በራሱ ቤት ያየ አለ?» ብሎ ወደ ቡድኑ ይመልሰው።

ቡድኑ ራሱም አካባቢ ነው፤ እኔ ሥልጠናው ላይ ከምንም በላይ ጊዜ ልሰጠው የምፈልገው ይህን ነው። ማን በር አጠገብ ተቀመጠ? ማን በማይቀናው ቋንቋ እየታገለ ነው? ትንሿ ልጅ እትዬን ተቃርና አትናገርም። ስለዚህ መሪው «እትዬ ያሉትን ሰምተናል፣ እናመሰግናለን። አንቺ ቤትስ እንዴት ነው?» ማለትን ይለማመድ። ክብሩም አይነካ፣ በሩም ይከፈት። ከውጭ የሚመለከቱት ማን ስንቴ እንደተናገረና ማን ዝም እንዳለ ጽፈው፣ በመጨረሻ ለመሪው ያንብቡለት።

ምስጢር መጠበቅንም ተግባራዊ አድርጉት። ድሬ ላይ ሰው ይተዋወቃል። ታይዋን ገበያ ላይ ብንገናኝ ሰላም እንባባላለን ወይስ እንተላለፋለን? ቡድኑ በመጀመሪያው ቀን ይስማማበት።

ሠልጣኙ ብቻውን ከመምራቱ በፊት ልምድ ካለው ሰው ጋር አብሮ ይምራ። ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላም ቁጭ ብለው ይነጋገሩ። አንድ ነገር አጥብቁበት፦ ሞትን የሚመኝ ወይም ቤት ውስጥ የሚደበደብ ሰው ካለ የክበብ ሥዕሉ ይቆይ። መሪው በዚያው ቀን ለብቻው ያነጋግረው፣ ለአሠልጣኙ ያሳውቅ፣ ወደ ጤና ተቋም አብሮት ይሂድ።