ሴቭ ሳይደረግ የተዘጋ ወይም የጠፋ ሰነድ እንዴት ይገኛል?

ዎርድን ስትዘጉ «ለውጡን ሴቭ ላድርግ ወይ?» እያለ የሚጠይቃችሁን ሳጥን ታውቁታላችሁ። ከጥያቄው ስር ብዙ ጊዜ በደቃቁ የተጻፈ አንድ መስመር አለ። «ዶንት ሴቭን ብትጫን የዚህ ፋይል የቅርብ ጊዜ ቅጂ ለጊዜው ይቆይልሃል» ነው የሚለው። አንባቢ የለውም። እኔም ትርጉሙ የገባኝ አንድ ሌሊት 11 ገጽ ሪፖርት ጽፌ ጨርሼ፣ ዓይኔ በእንቅልፍ ተጨፍኖ ሳለ «ዶንት ሴቭ»ን ከተጫንኩ በኋላ ነው። ሪፖርቱ ተገኘ። የቀረችው የመጨረሻዋ ግማሽ ገጽ ብቻ ነበረች።

«ፋይሌ ጠፋ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «እንዴት ጠፋ?» ብዬ ነው። ጭራሽ ሴቭ ሳይደረግ የተዘጋ፣ በላዩ ላይ ሌላ ነገር የተጻፈበት፣ የት እንደገባ ያልታወቀ፣ የተሰረዘ፣ ያለ ግን አልከፈትም ያለ፤ ሁሉም «ጠፋ» ይባላል፣ መድኃኒታቸው ግን ለየብቻ ነው። ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር የመጀመሪያው እርምጃ ነው፦ እጃችሁን ሰብስቡ። አዲስ ፕሮግራም አትጫኑ፣ ፊልም አታውርዱ፣ «ኮምፒውተሬን ላጽዳው» ብላችሁ ጊዜያዊ ፋይሎችን አታጥፉ። ሊገኝ ይችል የነበረን ሰነድ ለዘለቄታው ሲያጠፋ ያየሁት በአብዛኛው ከጥፋቱ በኋላ ያለው የድንጋጤ ግማሽ ሰዓት ነው።

መብራት ሄዶ ወይም ኮምፒውተሩ ደርቆ ከሆነ

ይሄ ቀላሉ ነው። ኮምፒውተሩን አብሩና ያንኑ ፕሮግራም ክፈቱ። በስተግራ «ዶክዩመንት ሪከቨሪ» የሚል ሰሌዳ ይመጣል፤ የተረፉት ቅጂዎች ከነሰዓታቸው እዚያ ይደረደራሉ። ሰዓቱ የቅርብ የሆነውን ክፈቱ፣ እስከ መጨረሻው ገጽ ውረዱና እዩት፣ ከዚያ «ሴቭ አዝ» ብላችሁ በአዲስ ስም አስቀምጡ። በአሮጌው ስም አታስቀምጡ፤ ሁለቱን የማነጻጸር ዕድል ይኑራችሁ። ሰሌዳውን ስትዘጉ «ፋይሎቹን በኋላ ላያቸው እፈልጋለሁ» የሚለውን ምረጡ። በችኮላ «አጥፋ» ያለ ሰው ሁለተኛ አያገኛቸውም።

«ዶንት ሴቭ» ብላችሁ ከዘጋችሁት

1. ዎርድን ክፈቱ። ባዶ ሰነድ ይበቃል።
2. «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኢንፎ» የሚለውን ተጫኑ።
3. «ማኔጅ ዶክዩመንት» ውስጥ «ሪከቨር አንሴቭድ ዶክዩመንትስ» የሚል አለ። ኤክሴል ላይ «ዶክዩመንት» በሚለው ፈንታ «ወርክቡክ»፣ ፓወርፖይንት ላይ ደግሞ «ፕረዘንቴሽን» ይላል።
4. በሚከፈተው ፎልደር ውስጥ ያሉትን በቀን ደርድሯቸው። ስማቸው እንግዳ ነው፤ «አንሴቭድ» የሚል ቃልና ረጅም ቁጥር ተቀጥሎባቸዋል። ስሙ አያስጨንቃችሁ፣ ቀንና ሰዓቱን እዩ።
5. ስትከፍቱት ከላይ በኩል «ሴቭ አዝ» የሚል ቁልፍ ያለው አግዳሚ ማስታወቂያ ይመጣል። ምንም ሳታርሙ መጀመሪያ እሱን ተጫኑ።

ሰነዱ ቀድሞ አንዴ ሴቭ ተደርጎ የነበረና የዛሬው ሥራ ብቻ የቀረ ከሆነ ግን መንገዱ ትንሽ ይለያል። ያንኑ ሰነድ ክፈቱና «ኢንፎ» ውስጥ ከ«ማኔጅ ዶክዩመንት» አጠገብ እዩ፤ «ሴቭ ሳይደረግ ሲዘጋ» የሚል ማስታወሻ ያለው ቅጂ ከነሰዓቱ ሊኖር ይችላል።

ሁለት ቁጥሮች ልብ በሉ። ፕሮግራሙ ይህን ቅጂ የሚይዘው፣ ካልቀየራችሁት በቀር፣ በየ10 ደቂቃው ነው። በ6 ደቂቃ ጽፋችሁ የዘጋችሁት ሰነድ እዚያ ላይኖር ይችላል፤ ተስፋ ቆርጣችሁ ትዝ እያላችሁ ብትጽፉት ይሻላል። ሁለተኛው፣ ጭራሽ ሴቭ ያልተደረገ ሰነድ ቅጂ የሚቆየው 4 ቀን ነው። «ሰኞ እፈልገዋለሁ» የሚባል ጉዳይ አይደለም።

ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ በእጅ ፈልጉ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከ«አር» ጋር ተጫኑ። በሚመጣው ትንሽ ሳጥን ውስጥ «አፕዳታ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል (ኤ-ፒ-ፒ-ዲ-ኤ-ቲ-ኤ) በሁለት የፐርሰንት ምልክቶች መካከል ጻፉና ኢንተር በሉ። «ማይክሮሶፍት»፣ ከዚያ «ዎርድ» የሚለውን ፎልደር ክፈቱ። መጨረሻቸው ነጥብ ኤ-ኤስ-ዲ የሆነ ፋይሎች የዎርድ ራስ-ሰር ቅጂዎች ናቸው። ሁለቴ ክሊክ ብታደርጓቸው እሺ ላይሉ ይችላሉ፤ ዎርድ ውስጥ ሆናችሁ በ«ኦፕን» ሂዱባቸው፣ የፋይል ዓይነቱንም «ኦል ፋይልስ» አድርጉት።

ስትፈልጉ በ~$ የሚጀምር፣ ደብዘዝ ያለ ፋይል አይታችሁ «ተገኘ!» ብላችሁ እንዳትጮኹ። እሱ ዎርድ «ይህን ሰነድ እገሌ ከፍቶታል» ብሎ የሚይዘው ማስታወሻ ነው። መጠኑን እዩት፣ 162 ባይት ነው፤ ውስጡ የተጠቃሚው ስም እንጂ ሪፖርት የለም።

በላዩ ላይ ሴቭ ካደረጋችሁበት

የአምናውን ደብዳቤ ከፍታችሁ፣ ስምና ቀን ቀይራችሁ፣ «ሴቭ አዝ» ማለት ሲገባችሁ «ሴቭ» አላችሁ። የአምናው ደብዳቤ በዘንድሮው ተበላ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው፤ ኮምፒውተሩ ያደረገው የታዘዘውን ስለሆነ የሚወቀስ አካል የለም።

ሰነዱ ገና ካልተዘጋ እንዳትዘጉት! ሴቭ ከተደረገ በኋላም ቢሆን ኮንትሮል ዜድ ይሠራል። ደጋግማችሁ ተጫኑት፤ ስሙ ይመለሳል፣ ቀኑ ይመለሳል፣ የሰረዛችሁት አንቀጽ ቁርጥራጩ እየተመለሰ ይመጣል። የድሮው መልክ ሲሞላ በ«ሴቭ አዝ» ሌላ ስም ስጡት። ከዚያ ኮንትሮል ዋይን እየተጫናችሁ ወደ አዲሱ ተመለሱና እሱንም በሌላ ስም አስቀምጡት። ሁለቱም በእጃችሁ ገቡ ማለት ነው።

ከተዘጋ ደግሞ ሰነዱ ዋንድራይቭ ወይም ሼርፖይንት (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻዎች) ላይ ከነበረ «ቨርዥን ሂስትሪ» ውስጥ የቀደሙት ቅጂዎች ከነቀናቸው ይገኛሉ። ጎግል ዶክስም በ«ፋይል» ስር ተመሳሳይ ነገር አለው። በኮምፒውተሩ ላይ ብቻ የነበረ ከሆነ ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ፕሪቪየስ ቨርዥንስ» የሚለውን ሞክሩ፤ የሚሠራው ግን «ፋይል ሂስትሪ» ወይም ሌላ የመጠባበቂያ ቅጂ አስቀድሞ ከተበራ ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ በፊት የምጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «ለማን ልኬው ነበር?» የላካችሁት ኢሜይል ውስጥ ወይም ቴሌግራም ላይ ያለው ቅጂ ከማንኛውም ፕሮግራም ይፈጥናል።

የት እንደገባ ካልታወቀ

ሴቭ ማድረጋችሁን በእርግጠኝነት ካስታወሳችሁ ሰነዱ አልጠፋም፣ ተሸጉጧል። ዎርድ ውስጥ «ፋይል»፣ «ኦፕን»፣ «ሪሰንት» በሉ፤ በቅርብ የተከፈቱት ሁሉ ተደርድረዋል፣ ከስማቸው ስርም ያሉበት ቦታ ተጽፏል። እዚያ ከሌለ «ዚስ ፒሲ»ን ክፈቱና መፈለጊያው ላይ ኮከብ፣ ነጥብና ዲ-ኦ-ሲ-ኤክስ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የዎርድ ሰነድ ሁሉ ይመጣል፤ በተሻሻለበት ቀን ደርድሩት፣ የትናንቱ ከላይ ይሆናል።

ተንኮለኛው የኢሜይል አባሪ ነው። አባሪውን ሳታወርዱ እዚያው ከፍታችሁ ሦስት ሰዓት ሠራችሁበት፣ «ሴቭ» አላችሁ፣ ዘጋችሁ። ሰነዱ የገባው በተደበቀ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ነው። መውጫው፦ ከዚያው የኢሜይል ፕሮግራም ሌላ ማንኛውንም የዎርድ አባሪ ክፈቱና «ሴቭ አዝ» በሉ። የሚከፈተው ፎልደር ብዙ ጊዜ ያው የተደበቀው ነው፤ ሰነዳችሁ እዚያ ተቀምጦ ልታገኙት ትችላላችሁ። ጊዜያዊ ፎልደር ስለሆነ ዛሬውኑ አውጡት።

ከሰረዛችሁት

መጀመሪያ ሪሳይክል ቢን። ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ሪስቶር» ስትሉት ወደነበረበት ቦታ ይመለሳል። በሺፍት ዲሊት የተሰረዘ ግን እዚያ አይገባም፤ ከፍላሽ ላይ የተሰረዘም እንዲሁ በአብዛኛው አይገባም። የዋንድራይቭ ፋይል ድረ ገጹ ላይ የራሱ ሪሳይክል ቢን አለው፤ በግል አካውንት 30 ቀን፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት አካውንት 93 ቀን ያቆያል።

ሪሳይክል ቢን ባዶ ከሆነ ኮምፒውተር «ሰረዝኩ» ሲል ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ይጠቅማል። ጽሑፉን አያጠፋውም፤ «ይህ ቦታ ለሌላ ክፍት ነው» ብሎ መዝገቡ ላይ ምልክት ያደርጋል። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ይዘቱ እዚያው ነው። ፍላሽና የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ላይ ዕድላችሁ ጥሩ የሚሆነው ለዚህ ነው። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ማከማቻ) ያላቸው አዳዲስ ላፕቶፖች ግን «ትሪም» በሚባል ትእዛዝ የተለቀቀውን ቦታ ብዙም ሳይቆዩ ስለሚያጸዱት ተስፋው ጠባብ ነው።

ማይክሮሶፍት «ዊንዶውስ ፋይል ሪከቨሪ» የተባለ ነጻ ፕሮግራም በራሱ ስቶር ላይ አለው፤ ከዊንዶውስ 10 ቨርዥን 2004 (የእትም ቁጥር ነው፣ ዓመት አይደለም) ጀምሮ ይሠራል። ትእዛዝ በጽሑፍ ስለሚሰጠው ለጀማሪ ይከብዳል። ሬኩቫ የተባለው ሌላ ፕሮግራም በማውስ ስለሚሠራ ይቀላል። ፎቶሬክ የተባለውም ስሙ አያሳስታችሁ፣ ሰነድም ያወጣል፤ ብቻ የፋይሎቹን ስም ስለማይመልስ መቶ ፋይል አንድ በአንድ እየከፈታችሁ የእናንተን መልቀም ሊኖርባችሁ ነው። በየትኛውም ብትሠሩ አንድ ሕግ አትጣሱ፦ ፕሮግራሙን ሰነዱ በጠፋበት ዲስክ ላይ አትጫኑ፣ የተገኘውንም እዚያው ላይ አታስቀምጡ። ሌላ ፍላሽ ያዙ።

አለ፣ ግን አልከፈትም ካለ

መጠኑን እዩ። 0 ባይት ከሆነ ውስጡ የሚጠገን ነገር የለም፤ ሌላ ቅጂ ፈልጉ። መጠን ካለው መጀመሪያ ኮፒ አድርጉትና በኮፒው ላይ ሥሩ። ዎርድ ውስጥ «ኦፕን» ብላችሁ ፋይሉን ምረጡ፤ «ኦፕን» ከሚለው ቁልፍ ጎን ያለችውን ቀስት ስትጫኑ «ኦፕን ኤንድ ሪፔር» የሚል ይመጣል።

ያም ካልሠራ የምወዳት ዘዴ አለች። ከ2007 የዎርድ እትም ወዲህ ያሉ ሰነዶች በእርግጥ ዚፕ ፋይሎች ናቸው። የኮፒውን መጨረሻ ከዲ-ኦ-ሲ-ኤክስ ወደ ዜድ-አይ-ፒ ቀይሩና ክፈቱት። ውስጡ «ዎርድ» የሚል ፎልደር፣ በውስጡም «ዶክዩመንት» የሚል የኤክስኤምኤል ፋይል ታገኛላችሁ። እሱን ወደ ዴስክቶፕ አውጡና በኖትፓድ ክፈቱት። በቅንፍና በምልክት መሐል የጻፋችሁት አማርኛ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቅርጹ፣ ሠንጠረዡ፣ ድምቀቱ የለም፤ ቃላቱ ግን አሉ። ሥዕሎቹም ጎን ላይ «ሚዲያ» በሚለው ፎልደር ውስጥ ለብቻቸው ተቀምጠዋል።

ቀድሞ የሚስተካከሉ ነገሮች

«ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሴቭ» ውስጥ ገብታችሁ 10 የሚለውን ደቂቃ ወደ 2 ቀይሩት። ከስሩ ያለው «ሴቭ ሳላደርግ ብዘጋም የመጨረሻውን ቅጂ አቆይ» የሚለው ሳጥን ምልክት እንዳለበት አረጋግጡ፤ ያለ እሱ ከላይ የነገርኳችሁ ግማሹ አይሠራም። «አድቫንስድ» ውስጥ ደግሞ «ሁልጊዜ መጠባበቂያ ቅጂ አዘጋጅ» የሚል አለ፤ ሴቭ ባደረጋችሁ ቁጥር የቀድሞውን ከጎኑ ያስቀምጥላችኋል። ለአምናው ደብዳቤ ይህ ነበር የሚያስፈልገው።

ከዚያ ሳትደነግጡ፣ ምንም ሳይጠፋባችሁ ሞክሩት። አዲስ ሰነድ ክፈቱ፣ አምስት መስመር ጻፉ፣ ሦስት ደቂቃ ጠብቁና ዝጉት። ሳጥኑ ሲመጣ ከጥያቄው ስር ያለችውን ደቃቅ መስመር ፈልጉ። ካለች «ዶንት ሴቭ»ን ተጫኑና ሂዳችሁ ሰነዱን አውጡት። ከሌለች ያስተካከላችሁት ነገር አልያዘም፤ ወደ «ኦፕሽንስ» ተመለሱ።