በጠረጴዛ የጦርነት ጨዋታ አንድን ጓድ ከፋፍሎ ማዘዝ

በትንንሽ የወታደር ምስሎች ለሚካሄድ የጠረጴዛ የጦርነት ጨዋታ ደንብ የሚጽፍ ሰው ገና ከጅምሩ መመለስ ያለበት ጥያቄ፣ አንድ ጓድ (አስር ያህል ወታደሮች ያሉት ትንሽ የጦር ክፍል) ለሁለት ተከፍሎ መንቀሳቀስ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነው። አንዳንድ ደንቦች ጓዱን ፈጽሞ እንደማይነጣጠል አንድ አካል ይቆጥሩታል፤ ሌሎች ደግሞ ተጫዋቹ ምስሎቹን እንዳሻው እንዲበትን ይተዉታል። በእኔ እምነት ሁለቱም ዋናውን ነገር ይስታሉ። ጓድ የሚከፈለው ለእያንዳንዱ ክፍል የሚያዝ ሰው እና ለብቻው ሊሠራው የሚችለው ተግባር ሲኖር ነው፤ ስለዚህ ጓዱን የከፋፈለ ተጫዋች ዋጋውን የጓዱ አለቃ በአንድ ዙር ሊሰጥ ከሚችለው ትእዛዝ ላይ መክፈል አለበት።

አስቀድመው የሚወክሉት ጦር ጓዱን እንዴት እንዳደራጀ ያጥኑ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1944 የእንግሊዝ እግረኛ ጓድ ሙሉ ሲሆን 10 ሰዎች ነበሩት። አስር አለቃው ከ6 ጠመንጃ ያዦች ጋር አንድ ቡድን ሲሆን፣ ምክትል አስር አለቃው፣ የብሬን መትረየስ ተኳሹና ረዳቱ ሁለተኛው ቡድን ነበሩ። መትረየሱ የሽፋን ተኩስ እየሰጠ ጠመንጃ ያዦቹ በጎን ዞረው ወደ ጠላት ይጠጋሉ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ማሪን ጓድ ግን 13 ሰዎች ነበሩት፤ ከአለቃው በታች እያንዳንዳቸው 4 ሰዎች የያዙ ሦስት ቡድኖች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ቡድንም የራሱ መሪና የራሱ አውቶማቲክ ጠመንጃ ነበረው። እንግዲህ ለእንግሊዙ ሁለት፣ ለማሪኑ ሦስት ክፍሎች መፍቀድ ከታሪኩ ጋር ይስማማል፤ ለሁሉም ጦር አንድ ዓይነት ደንብ ማውጣት ግን በጦሮቹ መካከል የነበረውን እውነተኛ ልዩነት ያጠፋዋል።

ትእዛዙን በሚከተለው መንገድ ማስላት ይቻላል። ለጓድ አለቃው በየዙሩ ሁለት ትእዛዝ ይስጡት። ጓዱ አንድ ላይ ካለ አንዱ ትእዛዝ ሁሉንም ያንቀሳቅሳል፤ ሁለተኛውም በተኩስ የታፈኑ፣ ማለትም አንገታቸውን ደፍተው መንቀሳቀስ ያቃታቸው፣ ወታደሮችን ለማበርታት ይተርፈዋል። ጓዱ ከተከፈለ ግን እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ትእዛዝ ስለሚፈልግ ለአለቃው የሚተርፈው ነገር አይኖርም። የምስሎችዎ ቁመት 28 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ የአለቃው ድምፅ የሚሰማበትን ርቀት 6 ኢንች ያድርጉት። ከዚያ ርቀት ውጭ የሆነ ቡድን ትእዛዝ መቀበል አይችልም፤ በራሱ ለመንቀሳቀስ ዳይስ ይጥላል። ምክትል አስር አለቃው አብሮት ካለ 3 ወይም ከዚያ በላይ ሲወጣ ተጫዋቹ የፈለገውን ያደርጋል፤ መሪ ከሌለው ግን 5 ወይም 6 ያስፈልገዋል። ዳይሱ እንቢ ካለ ቡድኑ ባለበት ቆይቶ ፊት ለፊቱ በሚታየው ጠላት ላይ ብቻ ይተኩሳል። ይህ የዕድል ልዩነት፣ ማለትም ከሦስት ሁለቱ እና ከሦስት አንዱ፣ ተጫዋቹ ምክትሉን የት እንደሚያስቀምጥ በጥንቃቄ እንዲያስብ ያስገድደዋል፤ በእውነተኛው ጦር ውስጥም አለቃው የሚያስበው ይህንኑ ነው።

የተኩስ አፈናን በጓድ ደረጃ አይቁጠሩ። መታፈንን የሚያሳየውን ምልክት በተተኮሰበት ቡድን አጠገብ ብቻ ያስቀምጡ፤ አለበለዚያ ከቤት ጀርባ ያሉት ጠመንጃ ያዦች ሜዳ ላይ በወደቀ ጥይት ይታፈናሉ። ምልክቱን ለማንሳት አለቃው ራሱ በቦታው መገኘትና አንድ ትእዛዝ ማውጣት ይኖርበታል።

መሪ ሲወድቅ የሚሆነው በደንቡ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ በጨዋታ መካከል ክርክር የሚነሳው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነውና። አስር አለቃው ከወደቀ ጓዱ አንድ ዙር ያለ ትእዛዝ ያልፋል፤ ከዚያም ምክትሉ በአንድ ትእዛዝ ብቻ ይተካዋል፤ የመትረየስ ቡድኑም ያለ መሪ ይቀራል። ተኳሹ ከወደቀ ረዳቱ መትረየሱን ወዲያውኑ ይረከባል። ወደ አንድ ሰው የወረደ ቡድን ግን ራሱን ችሎ መቆሙ ቀርቶ በአቅራቢያው ካለው ቡድን ጋር ይቀላቀላል። የጓድ አለቆቹ የበላይ የሆነው መቶ አለቃ በየዙሩ በድምፁ ርቀት ላለ አንድ ጓድ አንድ ተጨማሪ ትእዛዝ ይስጥ፤ ከዚያ በላይ ከተፈቀደለት የጓድ አለቆቹ ሥራ ትርጉም ያጣል።

ደንቡን ለመፈተን ያንኑ ፍልሚያ አንድ ጊዜ ጓዶቹን ሳይከፍሉ፣ ሌላ ጊዜ ከፍለው ይጫወቱት። መክፈል ሁልጊዜ የሚያዋጣ ከሆነ የድምፁን ርቀት ወደ 4 ኢንች ያሳጥሩት፤ ማንም የማይከፍል ከሆነ ደግሞ የምክትሉን ዳይስ ያቅሉለት።

የቃኘው ሻለቃን የኮሪያ ውጊያ በጠረጴዛ ላይ ማሳየት ለሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ተጫዋችም ይህ አሠራር ያገለግላል። ሻለቃው እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ ደርሶ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ውስጥ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ስለተሰለፈ፣ የዘመኑን የአሜሪካ ጓድ እንደ መነሻ መውሰድ ይቻላል፦ 9 ሰዎች፣ አንድ አለቃ፣ አንድ ምክትልና አንድ አውቶማቲክ ጠመንጃ። መሪዎቹ ሁለት ብቻ ስለሆኑ ከሁለት ክፍል በላይ አይፍቀዱ። ለሌሊት ቅኝት ደግሞ የድምፁን ርቀት ወደ 3 ኢንች ያውርዱት፤ ጠላት አጠገብ ሆኖ በጨለማ የሚያዝ አለቃ ጮኾ መናገር አይችልምና።