ዘይት ከቀየራችሁ በኋላ የምታንጠባጥብ ሞተር

የሞተር ሳይክላችሁን ዘይት ቀይራችሁ ጠዋት ስትነሱ ሞተሯ ስር ጥቁር ነጠብጣብ ታገኛላችሁ። «የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ላልቷል» ብላችሁ ኪያቤ ታነሳላችሁ፣ ታጠብቃላችሁ። በማግስቱም ያው ነው። እንደገና ታጠብቃላችሁ፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ቡሎኑ እያጠበቃችሁት ድንገት ቀለል ይላል። በቃ፣ ጥርሱ ተበልቷል።

እኔ ለዚህ ትንሽ ነበር የቀረኝ። የምኖረው ፒያሳ፣ አሮጌ ግቢ ውስጥ ነው። አከራዬ ሲሚንቶውን እያዩ «አንተ ልጅ፣ ይሄን ማን ሊያጥብልህ ነው?» ሲሉኝ ሰነበቱ። ዘይቱን የቀየረልኝ መካኒክ ዘንድ ስመለስ ደግሞ የቧንቧ ቴፍሎን ጠቅልሎ አጠበቀልኝ። አሁንም አንጠባጠበች። በመጨረሻ ራሴ ተኝቼ ከስር ሳያት ነገሩ ገባኝ፦ አሮጌዋ ሮንዴላ፣ ቡሎኑ ራስ ስር የምትገባው ቀለበት፣ ከሞተሩ ጋር ተጣብቃ ቀርታለች፤ ጠቁራ የሞተሩን አካል ስለመሰለች አዲሷን በላይዋ ደርቦባታል።

ዘይቱን የሚይዘው ጥርሱ አይደለም። በቡሎኑ ራስና በሞተሩ መካከል የምትገባው ሮንዴላ ናት። መዳብ ወይም አሉሚኒየም ስለሆነች ለስላሳ ናት፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ ትጨፈለቅና ክፍተቱን ትደፍናለች። አንዴ ከተጨፈለቀች ግን ትደርቃለች። ስለዚህ ዘይት በተቀየረ ቁጥር አዲስ ይገባል። ቴፍሎን ደግሞ የሚሠራው እየጠበበ ለሚሄድ የቧንቧ ጥርስ ነው፤ እዚህ ምንም አይዘጋም፣ ይባስ ብሎ ቁራጩ ተቀዶ የዘይት ማጣሪያውን ሊደፍን ይችላል። ሲሊኮንም እንደዚያው።

ሮንዴላ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስትወርዱ አሮጌዋን ይዛችሁ ሂዱ። የውስጥ ቀዳዳዋም የውጭ ስፋቷም እኩል መሆን አለበት። «ይቺም ትሆናለች» ብለው ተራ የብረት ሮንዴላ ከሰጧችሁ አትቀበሉ፣ ብረት አይጨፈለቅም። ጭራሽ ከጠፋና ያለቻችሁ መዳብ ከሆነች፣ በፒንሳ ይዛችሁ እሳት ላይ ፍም እስክትመስል አግሏትና ውሃ ውስጥ ጣሏት። መልሳ ትለሰልሳለች። ጥቁሩን ቅርፊት በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አንሱላት። አሉሚኒየሟን ግን እንዳትሞክሩ፤ 660 ዲግሪ ላይ ትቀልጣለች፣ ሳትቀላ ነው የምትፈስባችሁ።

ወደ ሥራው። ሞተሯን ሦስት አራት ደቂቃ አስነሷት፣ ዘይቱ ለብ ብሎ ይቅጠን። ከቸርችል ሽቅብ ነድታችሁ ከመጣችሁ ግን ትንሽ ጠብቁ፣ እጅ ይልጣል። ከላይ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ፣ ከዚያ የታችኛውን ቡሎን። ተኝታችሁ ስለምትሠሩ አቅጣጫው ይምታታል፤ የቡሎኑን ራስ ፊት ለፊት እያያችሁ ወደ ግራ ነው የሚፈታው። ስንቱ ሰው እፈታለሁ ብሎ ሲያጠብቅ ጥርስ በልቷል!

ዘይቱ ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ በንጹህ ጨርቅ ጥረጉና ሮንዴላዋ የምታርፍበትን ቦታ በጥፍራችሁ ዙሪያውን ቧጠጥ አድርጉት። የሚነሳ ጠርዝ ካለ አሮጌዋ እዚያው አለች። በብረት አትፈልቅቋት፣ ሞተሩን ትጭራላችሁ፤ በእንጨት ቁራጭ ሞክሩ።

አዲሷን አግቡና ቡሎኑን በእጅ ብቻ ጀምሩት። መጀመሪያ ትንሽ ወደ ኋላ አዙሩት፤ ጥርስ ለጥርስ ሲገጥም ጠብ ሲል ይሰማችኋል፣ ከዚያ ወደፊት። በጣት እየዞረ መግባት አለበት። ገና ከመነሻው ከከበደ ጠሞ ገብቷልና አውጡት። ቡሎኑ ብረት ነው፣ የሞተሩ ሆድ አሉሚኒየም፤ ከታገሉ የሚሸነፈው ሆዱ ነው።

ሮንዴላዋ ከነካች በኋላ ኪያቤውን አጠር አድርጋችሁ ከራሱ አጠገብ ያዙት። ከሩብ ዙር እስከ ግማሽ፣ ሮንዴላዋ ስትጨፈለቅ እጃችሁ ላይ ይታወቃችኋል። እዚያ ላይ ቁሙ። ቶርክ፣ ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ኪያቤ፣ ያለው ሰው ካለ ተዋሱት፤ ለብዙ ትንንሽ ሞተሮች ከ20 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ነው፣ የራሳችሁን ከሞተሯ መመሪያ መጽሐፍ እዩ። አንዳንድ ሞተር በቡሎን ፈንታ ወንፊትና ሞላ ያለው ሰፊ ክዳን አለው። እሱ የሚዘጋው በኦሪንግ፣ በጎማ ቀለበት፣ ስለሆነ ጎማውን ዘይት ቀብታችሁ አስገቡ፣ ከዚህም ባነሰ ጉልበት።

ዘይቱን በልኩ ሙሉ፣ ለ125 እና ለ150 ሲሲ ሞተር አንድ ሊትር አካባቢ ነው። አስነሷት፣ አጥፏት፣ ቡሎኑን ጥረጉና ሶፍት ከስር አንጥፋችሁ እደሩ። ጠዋት ሶፍቱ ከረጠበ ቶሎ ኪያቤ አታንሱ። ቡሎኑ ዝቅተኛው ቦታ ስለሆነ ከላይ ከጎን ክዳኑ የሚወርድ ዘይትም እሱ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። በጣታችሁ ወደ ላይ እየነካችሁ ርጥበቱ የት እንደሚጀምር ፈልጉ።